የሚጠቅም ወዳጅነት ነውር ነውን?

በእኛ አገር ሰውን በአንድ ቃል ማዋረድ ለፈለገ «ጥቅመኛ» የሚለው ስድብ ይበቃዋል። ሌባ የተባለ ሰው እማኝ ጠርቶ ሊከራከር ይችላል። ጥቅመኛ የተባለ ግን በምን ይከራከራል? ክሱ በእጁ ላይ ስለተገኘ ዕቃ ሳይሆን በልቡ ውስጥ አለ ስለሚባል ሐሳብ ነውና ዳኛም ምስክርም የለውም። ወዳጅነት ማለት «ምን አገኝበታለሁ?» ብሎ የማያሰላ ነው እየተባልን አድገናል። ስለዚህም አንዲት ሴት ሌላዋን «የሙያ ማኅበራችን አባል ሁኚ፤ ይጠቅምሻል» ስትላት፣ በተጋባዧ ፊት ላይ አንዳች ኀፍረት ብጤ ብልጭ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ይጠቅምሻል» የምትለዋ ቃል ግብዣውን ታበላሸዋለች።

እኔ በሒሳብ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ ሴት ነኝ። የአንድ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አባል ከሆንኩም ዘመን ቆጥሬአለሁ። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ይህ ጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሆን አልሻምና። ሌሎችን ስጋብዝ የሚሰጠኝ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያይቱ «ሥራዬ ይናገርልኛል» ትላለች። ሁለተኛይቱ «ለጥቅም ብዬ ሰው አልጠጋም» ትላለች። ሦስተኛይቱ ደግሞ «ለምን የሴት ብቻ? ራሳችንን በራሳችን ማግለል አይሆንም?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስቱም ከስንፍና የሚመጡ መልሶች አይደሉም። ሦስቱም የሥነ ምግባር ጥያቄ በሆዳቸው ይዘዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልያዛቸው።

* * *

«ሥራዬ ይናገርልኛል» የሚለው አባባል ክብር ያለው ነው። ደጅ መጥናትን የሚጸየፍ፣ በላቡ የሚኮራ ሰው አባባል ነው። ዳሩ ግን ሥራ አፍ የለውም። በሚገባ የተዘጋ የዓመት ሒሳብ መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀና ብሎ «የዘጋችኝ እርሷ ናት» አይልም። ሥራ የሚናገረው ሰው ሲናገርለት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ማን ይናገርለታል? የትስ ሆኖ? የሚል ይሆናል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ የአንድ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነ። ማስታወቂያው ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ነገሩ ግን ቀደም ባለው ሐሙስ ማታ ሦስት አለቆች ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ ሳለ አልቆ ነበር። የአንድ ሰው ስም ተነሣ፣ «እርሱማ ጎበዝ ነው» ተባለ፣ ሌላ ብርሌ ታዘዘ፣ ተስማሙ። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው። ሊደበቅ የሚገባው ነገር ነው ብለው ስላላሰቡ አልደበቁኝም። እውነቱን ለመናገር የተሾመውም ሰው ሥራውን የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ማታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ክፋት አልተሠራም፤ ሤራም አልተጠነሰሰም። ሰዎች የሚያውቁትን ሰው ስም ጠሩ እንጂ።

እኔስ በዚያች ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርኩ? የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት፣ ሽንኩርት የሚገዛበት፣ ነገ የሚለበሰው የሚታጠብበት ሰዓት ነው። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሴቶችም ሁሉ እንደኔው በየሰልፋቸው ቆመዋል። ወንዶቹ ማኅበር እንዳላቸው እነርሱ ራሳቸው አያውቁም። ማኅተም የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። ካራምቡላ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ እግር ኳስ የሚታይበት ቤት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ጥግ እየተገናኙ፣ ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ የትኛው ድርጅት ሊቀጥር እንደሆነ፣ የትኛው አለቃ ምን እንደሚወድ ይነጋገራሉ። ስም የሌለው ማኅበር ከማኅበር ሁሉ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ማንም ሊያፈርሰው፣ ማንም ሊቃወመው አይችልምና።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አሳይቶ ነበር። ሰዎች አዲስ ሥራ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በቅርብ ወዳጃቸው አማካይነት ሳይሆን አልፎ አልፎ በሚያገኙት፣ ሰላምታ በሚለዋወጡት ሰው አማካይነት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ወዳጄ የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ነው። ራቅ ያለው ግን እኔ ያልደረስኩበትን ሰፈር ወሬ ይዞ ይመጣል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የከተማችን ሴት ባለሙያ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። በቅርብ ዝምድና ማን እንደ እርሷ ሀብታም ነው! ጎረቤት አላት፣ የቡና ጓደኛ አላት፣ የዕድር ሰው አላት፣ እህት፣ አክስት፣ የአበልጅ ዘመድ አላት። ሲከፋት የሚያለቅስላት፣ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት አታጣም። ነገር ግን በሙያዋ እርሷን የምታውቅ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት የተቀመጠች፣ ስሟን በትክክለኛው ቀን በትክክለኛው ጠረጴዛ ላይ የምትጠራላት ሰው የላትም። የሙያ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ይህንን የላላ ክር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል፣ ድር እኮ በአንድ ወፍራም ገመድ አይሠራም፤ በብዙ ቀጫጭን ክር እንጂ።

* * *

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ ሴት እንምጣ። «ይህ ሁሉ እውነት ይሁን። ግን ሰውን ስለሚጠቅመኝ መጠጋት የነፍስ ንግድ አይሆንም ወይ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ የጥንት ነው። አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ ለጥቅም፣ ለደስታ እና ለመልካምነት የሚደረግ ብሎታል። የጥቅሙ ወዳጅነት ጥቅሙ ሲያልቅ የሚያልቅ ነውና ከሦስቱ ዝቅተኛው እርሱ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ያልሞላ ወዳጅነት ነው አለው እንጂ ክፉ ነው አላለውም። ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው መጽሐፉ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትያዝ ይላል። በዚህ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው ዘልሎ የሚያልፋት አንዲት ቃል አለች፤ «ብቻ» የምትለዋ። ሐኪሙ ለእኔ መሣሪያ ነው፤ እኔም ለሐኪሙ እንጀራው ነኝ። ነውሩ መጠቃቀሙ ላይ አይደለም። ነውሩ ያ ሰው ከጥቅሙ ሌላ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ መያዙ ላይ ነው።

ይሁንና ለዚህ ጉዳይ ግሪክና ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ዕቁብና ዕድር ያለው ሕዝብ ነን። ዕቁብ የሚገባ ሰው ለጥቅም ብሎ እንደገባ አይደብቅም፤ የሚያፍርበትም የለም። ነገር ግን ዕቁቡ የሚቆመው በምንድነው? በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ወስዶ እስከ መጨረሻው ሳምንት እየመጣ በመክፈሉ ነው። ጥቅሙ በታማኝነት ላይ ተንጠልጥሏል። ታማኝነቱ ሲበጠስ ጥቅሙም ይወድቃል። ዕድርማ ከዚህም ይልቃል። የዕድር አባል በየወሩ የሚከፍለው እርሱ ራሱ በዓይኑ ለማያየው ቀን ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥቅምን ከመተማመን ጋር እንዴት አድርገው እንደሚገምዱት ያውቁ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉትም እነርሱው ናቸው።

ለመሆኑ በሙያ ማኅበር ውስጥ የሚገኘው ጥቅም ምን ዓይነት ነው? ከሁሉ በፊት ያገኘሁት የደመወዝ ወሬ ነው። ባህላችን ደመወዝን ከሬሳ ሣጥን በላይ ይሸፍነዋል። ባልና ሚስት እንኳ የማይነጋገሩበት ቤት አለ። ይህ ጨዋነት የሚጠቅመው ግን ቀጣሪውን ብቻ ነው። በአንድ ስብሰባችን ላይ በልዩ ልዩ ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ የምንሠራ ሴቶች፣ እያንዳንዳችን የምናገኘውን በተራ ጮክ ብለን ተናገርን። ከመካከላችን አንዲት ልጅ እግር ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ቁጥሯን ተናግራ ዝም አለች። ቤቱም ዝም አለ። ያን ቀን ማንም ምክር አልሰጣትም፤ ምክር አላስፈለጋትምና። በሚቀጥለው ወር አለቃዋ ዘንድ ገብታ ጠይቃ እንደተጨመረላት ነገረችን። ሥራዋ ያው ነበር፤ ችሎታዋም ያው። የተለወጠው የምታውቀው ነገር ነው።

ሌላው ጥቅም ሕግን ማወቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። የቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ነበር። አዲሱ ከወጣ በኋላ እንኳ የድሮውን እየቆጠሩ ወደ ሥራ የተመለሱ እናቶች አጋጥመውኛል። ማንም ስላልነገራቸው ነው። ሦስተኛው ጥቅም ደግሞ አንደበት ነው። ቤት ውስጥ «ዝም በይ»፣ ትምህርት ቤት «ጨዋ ሁኚ» እየተባለች ያደገች ሴት፣ ወንዶች በሞሉበት ስብሰባ ላይ እጇን ከማንሣቷ በፊት ድምጿ ይጠፋባታል። እህቶቿ መካከል ቆማ ተንተባትባ፣ ሳይሳቅባት ደግማ ሞክራ ከተለማመደች ግን ሌላው ስብሰባ አይከብዳትም። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረት የሚፈርሰው በመፈክር አይደለም፤ እንዲህ ባለ ልምምድ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛይቱ ሴት ትሞግተኛለች፤ «ጥቅሙ ሲያልቅስ?» እኔ ያየሁት ይህን ነው። ለጥቅም ብለው የተገናኙ ሰዎች ጥቅሙን በታማኝነት ከተለዋወጡ ሌላ ነገር ይበቅላል። የሥራ ልምድ ወረቀቴን ቁጭ ብላ ያረመችልኝ ሴት እናቴ ስታርፍ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ነበረች። በመጀመሪያ የተዋወቅነው በወረቀት ምክንያት ነው። ታዲያ ይህን ወዳጅነት ከየትኛው የአርስቶትል መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው? ወዳጅነት የሚመዘነው በገባበት በር ይመስለናል፤ እኔ ግን የሚመዘነው በቆየበት ቤት ይመስለኛል።

* * *

ሦስተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል፤ ለምን የሴት ብቻ? የእኔን ወገን ብቻ መጥቀም፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ ዝምድና አይደለም ወይ? እኛ በዘመድ አዝማድ መሾምን የምንረግም ሰዎች፣ እህትማማች ስለተባልን ብቻ ያው ሥራ ጽድቅ ይሆንልናል?

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታሪክ ማንሣት ግድ ይለኛል። ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። እነዚህ ሴቶች የተማሩ፣ በቁጥር ጥቂት፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ነበሩ። እርስ በርስ እየተጠቃቀሙ ብቻ ቢኖሩ ማንም አይከስሳቸውም ነበር። እነርሱ ግን በር ከፍተው ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ያለ ክፍያ መቆም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተጠለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ስትከሰስ የተሟገቱላት እነርሱ ናቸው፤ ልጅቷም ራስን በመከላከል ነጻ ወጣች። ያን ጊዜ የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት ላይ አስቀምጦት ነበር። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ ጮኸ፣ ጻፈ፣ ወተወተ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የጋብቻን ዕድሜም 18 አደረሰው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የጠላፊውን ቀዳዳ ደፈነው።

ማኅበሩ ዋጋ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጥቂት ሳምንታት ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ ብዙውን ሠራተኛውን ለማሰናበት ተገደደ። አዋጁ በሌላ የተተካው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ነው። ወይዘሮ መዓዛም በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ሆነው፣ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በ2015 ከሥልጣን እስኪለቁ ድረስም ሠሩ።

ይህ ታሪክ ለሦስተኛይቱ ሴት የምሰጠው መልስ ነው። ዝምድና እና ማኅበር የሚለያዩት አባላቱ እነማን ናቸው በሚለው አይደለም። ዝምድና በሩን ከኋላው ይዘጋል፤ የሚገባ ማኅበር ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው በሩን ሰፋ ያደርጋል። ከጠላፊው ቀዳዳ መደፈን የተጠቀመችው የገጠር ልጅ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ ስሙንም ላትሰማ ትችላለች።

በግድ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመውን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን የሚያስታውሱ እናቶች፣ «ማኅበር» ሲባሉ ዛሬም ትከሻቸው ይከብዳቸዋል። አጀንዳው ከላይ ይወርዳል፣ ሴቶቹ ከታች ያጨበጭባሉ። ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። «አልገባም» ማለት የማይቻልበት ማኅበር ውስጥ «ገባሁ» ማለት ትርጉም የለውም። ስለዚህ የምጋብዛት ሴት እምቢ ብትለኝ አልቀየማትም።

* * *

እስከዚህ ድረስ ሦስቱን መልሶች የመለስኩ ይመስለኛል። ዳሩ ግን ማንም ያልጠየቀኝ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝም እርሱ ነው።

እኔና ጓደኞቼ በወር አንድ ቅዳሜ ስንሰበሰብ ቤታችንን ማን ይዞታል? ልጁን ማን ያጥባል? ወጡን ማን ያማስላል? በአብዛኞቻችን ቤት መልሱ አንድ ነው፤ ሠራተኛዋ። ከገጠር የመጣች፣ ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ያቋረጠች ወጣት ናት። እኛ ስለ ሴት ልጅ መብት የምንነጋገርበት ሦስት ሰዓት የተገዛው ከእርሷ ቅዳሜ ላይ ነው። ያ እየጠቀስኩ የምኮራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የእርሷን ዓይነት የግል አገልግሎት ቅጥር ለሌላ ደንብ ትቶ አልፎታል። የደመወዟን ወሬ የምትለዋወጥባት ጓደኛ የላትም፤ ቢበዛ ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር በአጥር ቀዳዳ ታወራለች። እኛም ሲያወሩ ስናይ «አበላሸቻት» እንላለን። ለምን? ደመወዝ መጠየቅ ታስተምራታለችና! እኛ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን የምናደርገው ያንኑ ነው።

በወንዶቹ የሐሙስ ጠረጴዛ ላይ ያቀረብኩት ክስ እንግዲህ ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። እነርሱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እኛም አይደለንም። እነርሱ በጠረጴዛው ላይ የሌለችውን ሴት አላዩአትም። እኛስ ጓዳ ውስጥ ያለችውን እናያታለን? ካንት «ብቻ» ያላት ቃል እዚህ ቤት ድረስ ትከተለኛለች።

ይህን ጥያቄ በስብሰባችን ላይ ባነሣሁ ጊዜ አንዳንዶቹ «ማኅበሩ የባለሙያዎች ነው እኮ» አሉኝ። እውነት ነው። ሕግ ያለው ማኅበር ሁሉን ነገር ልሥራ ካለ ምንም አይሠራም። ነገር ግን የሕግ ባለሙያዎቹም ማኅበር የባለሙያዎች ነበር፤ ጠበቃ ያልሆነች ሴት ግን በሩን ስታንኳኳ አልዘጉባትም። ቢያንስ ቢያንስ የማኅበራችን እያንዳንዷ አባል ለሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ በጽሑፍ የሰፈረ ደመወዝ፣ የማታ ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት ትስጥ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ውይይቱ አላለቀም። ግማሾቹ የቤት ጉዳይ የቤት ነው ይላሉ። ይህች ዐረፍተ ነገር ግን ለእኛ አዲስ አይደለችም፤ ስለ ሚስት መደብደብ ሲነሣም ስንሰማት የኖርናት ናት።

አንባቢዬ ሆይ፣ የሚጠቅም ወዳጅነት ነውር ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። ሥራሽ እንዲናገር ከፈለግሽ የሚናገርለት ሰው ያስፈልግሻልና ግቢ። ስትገቢ ጥቅምሽን አትደብቂ፤ የተደበቀ ጥቅም ነው ወዳጅነትን የሚመርዘው። የወሰድሽውን እንደ ዕቁብተኛ እስከ መጨረሻው ሳምንት እየመጣሽ ክፈይ። ከሁሉ በላይ ግን ቅዳሜ ከቤት ስትወጪ በሩን የምትዘጋልሽን ልጅ አንድ ጊዜ ዞር ብለሽ እያት። ማኅበርሽ የሚገባ ማኅበር መሆኑ የሚታወቀው አንቺ ባገኘሽው ሹመት አይመስለኝም። እርሷ ባገኘችው እሑድ ይመስለኛል።